መርፌው ይዋሽ ብለው የጸለዩት ሰው

የሰዓቴ ማሰሪያ ከተበጠሰ ወር አልፎታል። ዛሬ ነገ እያልኩ በቦርሳዬ ይዤው ስዞር ከርሜ፣ ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝና ከአንድ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ሥር ወዳለች የሰዓት ማደሻ ዘው አልኩ። ሱቋ ሱቅ ከምትባል ቁም ሣጥን ብትባል ይቀላል። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የጠረጴዛ መብራት፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰዓት የሚናገሩ ሠላሳ የሚሆኑ የግድግዳ ሰዓቶች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሰው ደረት ድረስ የሚደርስ፣ ግማሹ ብር የመሰለ ፈሳሽ የሞላበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ። ሰዓት ሠሪው ሰባን የዘለሉ፣ አጉሊ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያንኑ መነጽር ጠረጴዛው ላይ የሚፈልጉ ሽማግሌ ናቸው። ለደንበኛ የተቀመጠችው አንዲት ወንበር ተይዛለች።

የተቀመጡት ሰውዬ ረጅም፣ ከሲታ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ናቸው። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው አቅፈውታል፤ አራስ ልጅ ያስታቀፏቸው ይመስላል። ሲያዩኝ ወንበሩን ሊለቁልኝ ብድግ አሉ። አይሆንም አልኳቸው፤ ይሆናል አሉኝ፤ በመጨረሻ ሰዓት ሠሪው «ሁለታችሁም ቁሙና ወንበሩ ይረፍ» ብለው ገላገሉን።

ፎጣው ሲፈታ ከውስጡ የወጣው የናስ ክፈፍ ያለው ክብ ነገር ነው። ቁጥር አለው፣ መስታወት አለው፣ አንድ ቀጭን መርፌ ብቻ አለው።

«የዚህኛው ሰዓት ሌላው ቆጣሪ የት ገባ?» አልኩ፣ ለጨዋታ ያህል።

«ሰዓት አይደለም፣ ልጄ። የአየር ክብደት መለኪያ ነው። ባሮሜትር ይባላል።»

«አየርም ይከብዳል?»

ሰውዬው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሰዓት ሠሪው ቀደሟቸው። «ሌላውን ሰው አይከብደው ይሆናል። ይሄን ሰውዬ ግን አጉብጦታል፤ አታዪውም?»

ሰዓት ሠሪው የሚጠሯቸው «አባ ልኬት» እያሉ ነው። ስሙን ያወጡላቸው የሆስፒታል ሰዎች መሆናቸውን በኋላ ሰማሁ። አባ ልኬት የመጡት መሣሪያው ትክክል ማንበቡን ከመስታወቱ ቱቦ ጋር ለማስተያየት ነበር። ሰዓት ሠሪው ትናንትም አስተያይቼልሃለሁ፣ ማክሰኞም አስተያይቼልሃለሁ ብለው አጉረመረሙ። አባ ልኬት አንድ ጊዜ ብቻ፣ የመጨረሻ ነው አሉ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይዘውት ሆስፒታል ይገባሉ። ይህን ሲሉ እጃቸው የባሮሜትሩን ክፈፍ እየዳበሰ ነበር። ለዕቃው መሳሳት መስሎኝ ነበር። ፊታቸውን ቀና ብዬ ሳይ ፍርሃት መሆኑን አወቅሁ፤ ፈተና የሚጠብቅ ተማሪ ፊት ላይ የማውቀው ዓይነት ነው።

ዝናቡ አልቆም አለ። ማሰሪያዬ እስኪቀየር ቆሜ፣ ምን እንደሚያስፈራቸው ጠየቅኳቸው። ሰዓት ሠሪው ሳቁብኝ። «ሰዓት ልታሠሪ መጣሽ ወይስ ወሬ ልትለቅሚ?» አሉና፣ ቀጠል አድርገው፣ «ንገራት ግድ የለም፤ ስትናገር ይሻልሃል» አሏቸው።

አባ ልኬት ነገሩን የጀመሩት ከአባታቸው ነው። አባታቸው የእህል ሚዛን ጠጋኝ ነበሩ። ገበያ ለገበያ እየዞሩ የተጣመመውን ክንድ ያቃናሉ፣ የተሸረፈውን ድንጋይ በልኩ ይተካሉ። ሥራ ሲጨርሱ ሚዛኑን ባዶውን ሰቅለው፣ ቆባቸውን አውልቀው አጭር ጸሎት ያደርሱ ነበር። ሌባ ፊቱ ይታያል፣ የተበላሸ ሚዛን ግን ፊት የለውም፣ ስለዚህ ፍሩት ይሉ ነበር ለልጆቻቸው። ደግሞም ነፋስ ሳይቀር ክብደት አለው፣ የሰጠውም ፈጣሪ ነው ይሏቸው ነበር። ልጅየው ይህን ሰምቶ ኳስ ነፍቶና አስተንፍሶ በአባቱ ሚዛን መመዘን ጀመረ። አባ ልኬት ፊዚክስ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው።

ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፣ ውጭ ተምረው ተመለሱ፣ አስተማሪ ሆኑ። ምርምራቸው የጨረርን መጠን በትክክል መለካት ነበር። እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ሆነው ያገለግላሉ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምራሉ። ዩኒቨርሲቲ ያሉት ባልደረቦቻቸው «ቄሱ» ይሏቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ያሉት ወንድሞች «ሳይንቲስቱ»። በሁለቱም ቤት ትንሽ እንግዳ ነበሩ። በተለይ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ባገኛቸው ቁጥር፣ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እያለ ይተርታቸው ነበር። እሳቸውም ይስቁ ነበር። በሁለቱ መካከል ግጭት ኖሮባቸው አያውቅም፤ ጠዋት ቤተ ሙከራ ሲገቡ እንደ አባታቸው ባዶ መሣሪያ ፊት ቆመው በልባቸው ይጸልዩና ሥራ ይጀምራሉ።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ነው። ሆስፒታሉ ካንሰር የሚያክም የጨረር ማሽን አስመጣና፣ የጨረሩን ጉልበት ለክተው ለእያንዳንዱ በሽተኛ ስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ የሚያሳይ ሰንጠረዥ እንዲያዘጋጁ አባ ልኬትን ለመነ። በዚያው ሳምንት የዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ወደ አዲስ ሕንፃ ይዛወር ነበር። ባሮሜትሩን ለሠራተኛ አላምንም ብለው ራሳቸው በካፖርታቸው ጠቅልለው ሲወርዱ ደረጃው አንሸራተታቸው። መስታወቱ አልተሰበረም፤ በውስጡ ያለችው ፀጉር የምታህል ሰንሰለት ተበጠሰች። ይዘውት የመጡት እዚህችው ሱቅ ነው። ሰንሰለቷ ከውጭ እስክትመጣ አሥራ አንድ ሳምንት ፈጀ።

«ታዲያ የአየር ክብደት ለበሽተኛ ምን ያደርጋል?» አልኩ።

መለኪያቸው፣ አሉኝ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል፣ ውስጧ አየር ብቻ ያለባት ክፍል ናት። ጨረሩ ሲመታት አየሩ ውስጥ የሚሆነውን ይቆጥራሉ። አየሩ ከሳሳ ቁጥሩ ያንሳል፤ ስለዚህ የዕለቱን የአየር ክብደት አውቀው ቁጥሩን ያስተካክላሉ። እንደ ገባኝ ሆኜ ራሴን ነቀነቅሁ። ሰዓት ሠሪው ግን ከሥራቸው ቀና ሳይሉ አልገባትም አሉ፤ ተነስተውም በሩን ከፍተው ወደ ውጭ አሳዩኝ። «ይሄን ዝናብ በባልዲ ትለኪያለሽ እንበል። ባልዲው ጠባብ ነው። አንዱ መጥቶ ሰፊ ነው ቢልሽስ? የገባውን ትንሽ ውኃ አይተሽ ‹ዛሬ ዝናቡ ደከም ያለ ነው› ትያለሽ። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ጨረሩ ደካማ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ደቂቃውን ያስረዝማል።

ባሮሜትራቸው እስኪጠገን አባ ልኬት ለአየር ጠባይ ጽሕፈት ቤት ስልክ እየደወሉ የዕለቱን ክብደት ይጠይቁ ነበር። ስልክ የሚያነሳው ሰው ጨዋ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት በድምፃቸው ለይቶ «ዶክተር፣ እንዴት አደሩ?» ማለት ጀመረ። አንድ ሺህ አሥራ አራት ሚሊባር ይላቸዋል፣ ሌላ ቀን አንድ ሺህ አሥራ ስድስት። ጽሕፈት ቤቱ ለማንም የሚናገረው ከተማዋ ባሕር ዳርቻ ብትሆን ኖሮ የሚኖራትን ክብደት ነው፤ ደጋውንና ቆላውን ለማወዳደር እንዲመች እንደዚያ ይሰላል። ሁሉም የሚጠይቀው ይህን ስለሆነ የነገራቸውም ይህን ነው። ከተማዋ ግን ከባሕር ዘጠኝ መቶ ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ እውነተኛው አየሯ ከዚያ በጣም የሳሳ ነው።

«እሱ አልዋሸኝም» አሉ አባ ልኬት። «እኔም አልጠየቅኩትም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን የምፈትነው ጥያቄ ነበር፤ ወደ ላይ ስትወጣ የአየር ክብደት ምን ይሆናል? ያልመለሰውን ጥዬዋለሁ።»

የማሽኑ አምራች የላከው ወረቀትም ጨረሩ እሳቸው ከለኩት በአንድ አሥረኛ የበረታ ነው ይል ነበር። አባ ልኬት የራሳቸውን ልኬት አመኑ። ለአምራቹ ወረቀታችሁ ስህተት አለበት ብለው በትሕትና ጻፉ። ሦስት ጊዜ ለክተዋል፣ ከእያንዳንዱ በፊት ጸልየዋል፤ ሦስቱም አንድ ቁጥር ነው የሰጣቸው። በስልክ የተነገራቸው ክብደት ከተሳሳተ ሦስት መቶ ጊዜ ቢለኩም ያው አንድ እንደሚሰጥ አልታያቸውም። በጉባኤ ፊት ቆመው ፈጣሪ እጃቸውን ስላቀናላቸው ሳይቀር አመሰገኑ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በአሥራ አንዱ ሳምንት አርባ አንድ ሰው ታከመ። ከነዚህ አንዷ የቤተ ክርስቲያናቸው የመዘምራን መሪ ነበረች። በሽታው ጉሮሮዋ ላይ ነው። የሚለካው እሳቸው መሆናቸውን ስትሰማ ደስ ብሏት ቤታቸው ድረስ መጥታ ባለቤታቸውን አቅፋ ሄደች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሰዓት ሠሪው ናቸው የጀመሩልኝ፤ ቅዳሜ ረፋድ ነበር፣ ሰውዬው ሊደበድበኝ ምን ቀረው አሉ። ባሮሜትሩ ተጠግኖ፣ ሰዓት ሠሪው ከመምህራቸው ከወረሱት ከዚያ ጥግ ላይ ካለው የሜርኩሪ ቱቦ ጋር ተስተያይቶ፣ ዘጠኝ መቶ ዘጠኝ ያሳያል። አባ ልኬት ያዩና አልተጠገነም ይላሉ። ጽሕፈት ቤቱ ዛሬ ጠዋት አንድ ሺህ አሥራ ስድስት ብሎኛል ይላሉ። ሰዓት ሠሪው ይዘውት እስከ ስምንተኛ ፎቅ ወጥተው እንደ ነበር፣ መርፌው ሲወጡ ሦስት ወርዶ ሲመለሱ ሦስት እንደ ወጣ፣ ቱቦውም ያንኑ እንደሚመሰክር ያስረዳሉ። አባ ልኬት አልሰማ አሉ። ከጀርባው ያለችውን ብሎን ጠምዝዘህ አንድ ሺህ አሥራ ስድስት ላይ አድርሰው አሉ።

«መጠምዘዝ ምን ያቅተኛል? እጠመዝዘዋለሁ» አልኩት፣ አሉኝ ሰዓት ሠሪው። «ግን ከዚያ በኋላ ባሮሜትር አይሆንልህም፤ በቀቀን ነው የሚሆነው። የነገርከውን ይመልስልሃል።»

አባ ልኬት ዕቃቸውን ነጥቀው ወጡ። ከበሩ አሥር እርምጃ ሳይርቁ፣ የጫማ መጥረጊያው ወንበር ዘንድ፣ ቆሙ። ከፎቁ ሲወጣ ሦስት የወረደው መርፌ፣ ከባሕር ዳርቻ እስከዚች ከተማ ሲወጣ ስንት እንደሚወርድ ሳያስቡት በጭንቅላታቸው ተሰላ። ለመቶ የታዘዘለት ሰው መቶ አሥራ ሁለት ያህል እየተሰጠው ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጫማ ጠራጊው እግራቸውን አንስቶ ሳጥኑ ላይ አድርጎ ይጠርግ ጀመር፤ እሳቸው አላወቁም። አንድ ነገር ብቻ ትዝ አላቸው፤ የመዘምራን መሪዋ ባለፈው ሳምንት ስታገኛቸው በጥቅሻ ነው ሰላም ያለቻቸው። ድምፅ ስላልነበራት ነው።

«እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ጸለይኩ» አሉኝ፤ ይህን ሲሉ ወደ ግድግዳው ሰዓቶች እንጂ ወደ እኔ አላዩም። «‹አምላኬ፣ መርፌው ይዋሽ› ብዬ ነው የጸለይኩት። ሕይወቴን ሙሉ የተማርኩት ፈጣሪ የሠራው ነገር አይዋሽም የሚለውን ነው፤ ፊዚክሴም እምነቴም የቆሙት እዚያ ላይ ነው። ያን ቀን ለእኔ ሲል እንዲዋሽ ለመንኩት። ያ የኬሚስትሪ መምህር ሁለት ባላ ይለኝ አልነበር? ሁለቱም በአንድ ቀን ተሰበሩብኝ።»

ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው መጋረጃ ትሰፋ ነበር። ሁሉንም ነገሯት። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ፣ «የመዘምራኗ እህታችንም አለችበት?» አለች። አለችበት አሉ። መርፌዋን ነቅላ መስፋቷን ቀጠለች። ከሰዓት በኋላ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አዲስ ሰንጠረዥ መጻፍ ጀመሩ፤ ትክክለኛውን፣ ከሰኞ ጀምሮ የሚሠራበትን። ባለቤታቸው ከኋላቸው ቆማ አይታ፣ ይሄ አዲሱ ወረቀት ስለ ድሮው አንዳች ነገር ይላል ወይ ብላ ጠየቀች። ምንም አይልም። «እኔ ፊዚክስ አላውቅም» አለቻቸው። «ሰው ሲደበቅ ግን አውቃለሁ።»

እውነቷን ነበር። አሮጌውን ሰንጠረዥ ከግድግዳው አንስተው አዲሱን ቢለጥፉ ቴክኒሻኑ እንኳ ለምን ብሎ አይጠይቃቸውም፤ አባ ልኬት ከለኩት አለቀ። የወደፊቱ ይስተካከላል። የታከሙት ደግሞ ታክመዋል፤ የገባ ጨረር አይወጣም። ሥራቸው፣ ስማቸው፣ በጉባኤ ፊት ያሉት ሁሉ እንዳለ ይቀራል። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሄዱት ይህን ሐሳብ ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ነው። መዘምራኑ ያለ መሪያቸው ዘመሩ። እሷ ነጭ ሻሽ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ከፊት ተቀምጣለች። ሌላው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሲጸልይ ለእህታችን ጉሮሮ አለ፤ ቀጥሎ ለሚለካላት ወንድማችን እጅ አለ። ሕዝቡ አሜን አለ። አባ ልኬት አሁን አንዱ ዞሮ ፊቴን ቢያይ ያውቅብኛል እያሉ እስከ መጨረሻው መሬት መሬት እያዩ ቆሙ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሆስፒታል ደረሱ። አዲሱ ሰንጠረዥ በደረት ኪሳቸው ነው። ባሮሜትሩን በፎጣ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል፤ ለምን እንደያዙት ራሳቸውም አላወቁም። የማሽኑ ክፍል በጣም ወፍራም የእርሳስ በር አለው፤ ከበሩ ፊት ለፊት ረጅም አግዳሚ ወንበር፤ ወንበሩ ላይ ስድስት ሰዎች። አንደኛዋ ተረኛ የመዘምራን መሪዋ ናት። ሕክምናዋ ሊያልቅ አራት ቀን ነው የቀራት። ዝም ብለው ሊያልፏት ነበር። እጃቸውን ያዘችና ጎንበስ እንዲሉላት ምልክት ሰጠች። ሹክሹክታዋ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ ይመስል ነበር።

«ወንድሜ፣ ያቃጥለኛል» አለቻቸው። «ግን አንተ ነህ የለካኸው። እንግዲህ ልኩ ይሄ ነው ማለት ነው ብዬ እችለዋለሁ።»

ሰዓት ሠሪው እዚህ ላይ ፒንሳቸውን አስቀመጡ። ታሪኩን ስንት ጊዜ ሰምተውት ይሆናል፤ ቢሆንም አስቀመጡ።

አባ ልኬት ወደ ቴክኒሻኑ ገብተው ማንንም እንዳታስገባ አሉት። ከዚያ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ሄዱ። ኃላፊዋ ብዙ የማይናገሩ፣ ሁሉን ነገር የሚጽፉ ሐኪም ነበሩ። አባ ልኬት ፎጣውን ፈትተው ባሮሜትሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ አጠገቡ ሰንጠረዡን። ለመናገር ሦስት ጊዜ ጀመሩ፤ በአራተኛው ወጣ። ሐኪሟ እስኪጨርሱ ሰምተው ስንት ሰው ነው አሉ። አርባ አንድ። ጻፉ።

«ዛሬ ነው የምትነግረኝ» አሏቸው። «ያወቅከው መቼ ነው?»

«ቅዳሜ።»

እሱንም ጻፉ። ቅዳሜና እሑድ ማሽኑ ስለማይሠራ በነዚያ ሁለት ቀናት ማንም አልተጎዳም። ቢሆንም ያ «ቅዳሜ» የሚል ቃል መዝገቡ ላይ አለ፤ አባ ልኬት ዛሬም ድረስ ያዩታል።

ለመዘምራን መሪዋ ራሴ ልንገራት ብለው ለመኑ፤ ተፈቀደላቸው። እዚያው አግዳሚ ላይ አጠገቧ ተቀምጠው ነገሯት። ሻሿን ፈታች፣ መልሳ ጠመጠመች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ በሽታውም አብሮ አብዝቶ ተመትቷል ማለት ነው ወይ? አዎ፣ እሱም። «እንግዲያው እሱም ይቅመሰው» አለችና ተነስታ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር አላናገረቻቸውም።

ኮሚቴ ተቋቋመ። አባ ልኬት ከሆስፒታሉ ሥራ ሁለት ዓመት ታገዱ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጸሎቱን ትቶ ባሮሜትሩን ቢያይ ኖሮ የሚል ቀልድ ዞረ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ በሰው ጥበብ የተመካ መጨረሻው ይሄ ነው ያሉ አልጠፉም። ከአርባ አንዱ የብዙዎቹ ቁስል ዳነ። ሁለቱ ምግብ መዋጥ እንደ ቸገራቸው ቀሩ። አራት ሰዎች በዓመቱ ውስጥ አረፉ።

«ኮሚቴው በሽታቸው ነው የገደላቸው ብሎ ጻፈ» አሉኝ። «ይሆናል። እኔ አላውቅም። ኮሚቴውም አያውቅም። የሚያውቅ አንድ ነው፤ እሱንም ስለ አራቱ ለመጠየቅ እስካሁን አልደፈርኩም። የአርባ አንዱን ስም መጽሐፍ ቅዱሴ መጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ ጽፌ ሰኞ ሰኞ እየጠራሁ እጸልያለሁ። አራቱ ላይ ስደርስ ቶሎ ነው የማልፈው።»

የመዘምራን መሪዋ ዳነች። ድምፅዋ ግን ለዝማሬ አልተመለሰም። በስምንተኛው ወር አንድ እሑድ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠችና የመዝሙር መጽሐፉን ከፍታ በጣቷ አሳየቻቸው፤ አንተ ዘምርልኝ ማለቷ ነው። ዘመሩ። ሰዓት ሠሪው አላስቻላቸውም፣ «የዚህን ሰውዬ ድምፅ ብትሰሚው፣ ቂሟን በደንብ አድርጋ ነው የተወጣችው» አሉ። አባ ልኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ።

ስህተቱን በስማቸው ጽፈው በአንድ የሙያ መጽሔት አሳተሙት። ከሦስት አገር ሦስት ሰዎች ጻፉላቸው፤ እኛም ይህንኑ አድርገናል፣ ለማንም ሳንናገር ሰንጠረዡን ቀይረን አልፈናል የሚል። ደብዳቤዎቹን ሲያነቡ መጽናናት ሲገባቸው ፍርሃታቸው ባሰ። ከዚያ በኋላ ያለው ምርምራቸው ሁሉ አንድ ነገር ላይ ነበር፤ አንዱ የለካውን ሌላው፣ በሌላ መሣሪያ፣ የመጀመሪያውን ሳያይ እንዲለካ። ለመሣሪያ መጸለይም ተዉ። የሚጸልዩት ለዓይናቸው ነው።

ማሰሪያዬ አልቆ እጄ ላይ ታስሯል። ባሮሜትሩም ቱቦው አጠገብ ተሰቅሎ፣ ሰዓት ሠሪው በአጉሊ መነጽር ቱቦውን አንብበው ዘጠኝ መቶ አሥራ አንድ አሉ። መርፌውም ዘጠኝ መቶ አሥራ አንድ። እኔ ደግሞ ልርዳ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። የአየር ጠባይ የሚያሳየውን ከፍቼ፣ «ይኸው፣ የዛሬው አንድ ሺህ አሥራ ሰባት ይላል» አልኩ።

አባ ልኬት ወንበሩን ይዘው ተቀመጡ። ምን አጠፋሁ ብዬ ደነገጥኩ።

ነገ ሆስፒታሉ አዲስ ማሽን ያስለካል፤ ሁለተኛው ለኪ እንዲሆኑ ተጠርተዋል። የምትለካው ወጣት ባለሙያ ጎበዝ ናት፣ ከእሳቸው የምትበልጥ ጎበዝ። ባለፈው ሳምንት ክፍሏን ሲጎበኙ ባሮሜትርሽ የታለ ብለው ጠየቋት። ሳቅ ብላ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ አሳየቻቸው። ያን ጊዜ የክፍሉ ኃላፊና የአምራቹ መሐንዲስ አብረው ቆመው ነበር። አባ ልኬት ምንም አላሉም። በሰው ፊት ላዋርዳት አልፈለግኩም፣ ምናልባት ሌላ መንገድ ይኖራታል፣ ምናልባት አስተካክላ ነው የምታሰላው፣ ምናልባት እኔ አርጅቼ ነው፤ እንዲህ እያሉ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕለት ዕለት እዚህ ሱቅ ይመላለሳሉ።

«አሁንም ዝም አልኩ፤ ገባሽ?» አሉኝ። «ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ፣ ያ ሁሉ ሆኖ፣ አፌ ያው ነው።»

ለምን ዛሬ አይደውሉላትም አልኳቸው። ደውለዋል፤ ስልኳ ሲነሳ ዘግተውታል። ሰዓት ሠሪው ባሮሜትሩን ከሚስማሩ አውርደው ፎጣው ላይ አስቀመጡላቸውና ዛሬ ስለ ሥራው ገንዘብ አልቀበልህም፣ ነገ ግን አፍህን ሳትከፍት ብትመጣ በሩን እዘጋብሃለሁ አሏቸው።

ዝናቡ አባርቶ አብረን ወጣን። ላግዝዎት ብዬ እጄን ወደ ዕቃው ዘረጋሁ፤ ይበልጥ አቀፉት። የጫማ ጠራጊው ወንበር የነበረበት ማዕዘን ድረስ ሄድን፤ አሁን እዚያ ጋዜጣ ይሸጣል። በሉ አይዞዎት፣ እንዳይፈሩ እጸልይልዎታለሁ አልኳቸው፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

ቆሙ። ፎጣውን አስተካከሉ።

«ተይ፣ ልጄ፣ እንደዚያ አትጸልይልኝ» አሉኝ። «ያኔ ስልክ ስደውል አልፈራሁም ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነበር የምደውለው። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ትዝ ካልኩሽ፣ በዚያች ልጅ ፊት መርፌውን አንብቤ፣ ‹የት ቆመሽ ነው የለካሽው?› ብያት እስክጨርስ ድረስ ፍርሃቱ እንዳይለቀኝ ጸልይልኝ።»